ነጩ ስፖንጅ

ማክሰኞ ዕለት፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ርዝመቷ ከትንሽ ጣት የማይበልጥ አንዲት ቀይ ዓሣ በልብስ ሰፊው ሳሎን፣ በመስታወት ገንዳዋ ውስጥ፣ በጀርባዋ ተንሳፍፋ ስለተገኘች ከዚህ ዓለም በሞት መለየቷ ተረጋገጠ። ሟች ባልም ልጅም አልነበራትም። ቢሆንም የሦስቱ የቤተሰብ አባላት ፊት አመድ መስሎ ነበር።

ከላይኛው ፎቅ የተጠሩት ጡረተኛ መርማሪ መነጽራቸውን እየጠረጉ ገቡ። በሥራ ዘመናቸው ብዙ ሬሳ አይተዋል፤ በሻይ ማንኪያ የወጣ ግን አላጋጠማቸውም።

«ምንድን ነው ጥድፊያው?»

«ባለቤቴ ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ከሆስፒታል ትወጣለች» አለ ልብስ ሰፊው፣ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለውን ሜትር እየጠመዘዘ። «ገንዳውን በእጇ አዘጋጅታ ነው የተኛችው። ሰባት ሳምንት ሙሉ፣ እሑድ በመጣ ቁጥር ሁለት ነገር ትጠይቀናለች። ‹ሐኪሙ ምን አለ?› እና ‹ዓሣዬስ?›»

«እናንተስ?»

«ለሁለቱም ‹ደህና ነው›» አለች አስተማሪዋ ልጁ። «ጋሼ፣ ሐኪሙ ለእኛ የነገረንን ለእማዬ አልነገርናትም። በዓሣዋ እንደዋሸናት ካወቀች፣ ሌላውንም ማመን ትተዋለች።»

«እንግዲያው ገዳዩ ይውጣ!» አለች የልብስ ሰፊው ታላቅ እህት፣ የተወለወለውን ጠረጴዛ እንደገና እየወለወለች። «እኔ እንደሆነ እጄ ንጹሕ ነው።»

«እሱንስ እያየሁት ነው» አሉ መርማሪው።

ገንዳው ላይ በሚስትየዋ እጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፦ ምግብ በቁንጥር፣ በሁለት ቀን አንዴ። ውሃው በሳምንት ሩቡ ብቻ ይቀየር። ስፖንጁን እንዳታጥቡት!

መርማሪው እጅጌያቸውን ሰብስበው የማጣሪያውን ስፖንጅ አወጡ። ነጭ ነው፤ ከሱቅ የወጣ ይመስላል። ጠጠሩ ያብለጨልጫል። ውሃውን አሸተቱት፤ በረኪና በረኪና ይላል።

«መጨረሻ ያበላት ማን ነው?»

«እሱ!» «እሷ!» «አክስቴ!»

«መልካም። ፎቶ አላት?»

ልጅቱ እናቷ ሆስፒታል የገባች ዕለት ያነሳችውን ስልኳ ላይ አሳየች። መርማሪው ፎቶውን አዩ፣ ሳህኑ ላይ የተጋደመችውን ሟች አዩ።

«እዚህ ግንባሯ ላይ ጥቁር ነጥብ ነበራት። የት ሄደ?»

«ታጥቦ ይሆናል» አለች እህትየዋ።

መርማሪው በልብስ ስፌት መኪናው በኩል ዞሩ፣ ወጥ ቤት ገብተው ወጡ፣ ልጅቱን ከኋላዋ ትንሽ አዩአት። ከዚያ ሦስቱንም ጠረጴዛው ዙሪያ አስቀመጡና ከሳህኑ አጠገብ ሁለት አረንጓዴ ላስቲኮች ጣሉ።

«ማዶ ያለው ዓሣ ሻጭ ፌስታሉን የሚያስረው በዚህ ነው። አንዱን ከክር ጥቅልህ ላይ አገኘሁት። ሌላው የስኳሩን ከረጢት አስሮ ነበር፤ ሰውዬው ደግሞ ስኳር አይሸጥም። ሦስተኛው ፀጉርሽን ይዟል ልጄ፤ አትፍቺው። ሦስት ላስቲክ፣ ሦስት ዓሣ። ይቺ አራተኛዋ ናት።»

መጀመሪያ ልብስ ሰፊው ነው የተነፈሰው።

«ሐኪሙ ያነጋገረን ዕለት… ለእሷ ምንም ላደርግላት አልቻልኩም። ቤት ገብቼ ዓሣዋን በማንኪያ አበላኋት። በሦስተኛው ቀን ሞተች። አስመስዬ ገዛሁ።»

«ያቺ አንተ የገዛሃት ነበረች?» አለች ልጁ። «አባዬ፣ እኔ እኮ የእማዬን ዓሣ ገደልኩ ብዬ ስንት ቀን አለቀስኩ!»

«አንቺ ልጅ፣ እኔ አላለቀስኩም?» አለች አክስቷ። «ከሦስት ቀን በፊት ነው የቀየርኳት።»

«እያንዳንዳችሁ ከቀየራችሁ በኋላ ምን አደረጋችሁ?» መርማሪው ጠረጴዛው ላይ ወዳስቀመጡት ስፖንጅ አመለከቱ። «እንዳይታወቅባችሁ ውሃውን ሙሉ ደፋችሁ፤ ጠጠሩንም ይሄንንም በበረኪና አሻችሁ። ከዓሣ ኩስና ከትርፍ ምግብ መርዝ ይወጣል። ያን መርዝ የሚበሉ፣ በዓይን የማይታዩ ሕያዋን ስፖንጁ ላይ ቀስ ብለው ይራባሉ፤ ከወር በላይ ይፈጃል። እነሱ ሲሰፍሩበት ይጠቁራል፣ ያዳልጣል። ሰባት ሳምንት የኖረ ስፖንጅ እንዲህ ከነጣ፣ በየጊዜው ሀ ብላችሁ ጀምራችኋል ማለት ነው። የመጀመሪያዋን ማንኪያው ገደላት። የቀሩትን መደበቃችሁ።»

«ይሄን ሁሉ በምን አወቁ?»

«እኔም ስድስት ገድያለሁ።»

ልብስ ሰፊው ሰዓቱን አየ። ስድስት ሰዓት ተኩል። «ሱቁ ክፍት ነው። ለመጨረሻ ጊዜ አንድ…»

«ነጥብ ያላት» አለች እህቱ።

በሩ በቁልፍ ተከፈተ።

ከሰዓቷ ቀድማ፣ ብቻዋን ነው የመጣችው። ቀሚሷ ሰፍቷታል። እህትየዋ መወልወያውን ሳህኑ ላይ ጣለች። ልብስ ሰፊው ብድግ አለ። «እንኳን ደህና መጣሽ! ዓሣዋ ደህ…»

ሚስትየዋ ከቦርሳዋ በአረንጓዴ ላስቲክ የታሰረ ፌስታል አወጣች። ውስጡ ዓሣ የለም። አንድ ጥቁር፣ የሚያዳልጥ፣ አሮጌ ስፖንጅ ነው። እጅጌዋን ሰበሰበችና ማጣሪያው ውስጥ፣ በባዶው ቦታ ላይ ቀስ ብላ አስገባችው።

«ከዓሣ ሻጩ ገንዳ ነው» አለች። «ወሬኛ ሰው ነው፤ ሁሉንም ነግሮኛል።»

ከጠረጴዛው ላይ ነጩን ስፖንጅ አንስታ ለባሏ አቀበለችው።

«ሐኪሙም።»