በጠመኔ የተሣለው አሲድ

እታገኝ የላቦራቶሪ ሪፖርቷን ቤተ መጻሕፍቱ ጠረጴዛ ላይ ወረወረችለት።

«ይኸው ያስተማርከኝ! ዜሮ!»

መክብብ ወረቀቱን አነሳ። ከዜሮው ሥር በቀይ ቀለም፣ «ይህን በዓይንሽ አይተሻል?» የሚል ጥያቄ ተጽፏል።

ሁለቱ የተገናኙት ከአራት ወር በፊት፣ በፈረንጆቹ 2014 መጀመሪያ፣ በሰው ሀገር፣ ወደ ዲኬተር ከተማ በሚሄደው ባቡር ላይ ነው። እሷ አሲድ የሚበላቸውን ብረቶች ከኃይለኛው እስከ ደካማው ስትሸመድድ፣ የፓርኪንግ ሠራተኛ ሸሚዝ የለበሰ ሐበሻ ከፊት ለፊቷ፣ «ማግኒዚየምን ዘለልሽው» አላት። ሀገር ቤት ሰባት ዓመት ኬሚስትሪ ያስተማረ ሰው ነበር። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብሎ ያስጠናታል።

እሷም ወደደችው። እሱም እንደወደዳት ዓይኑ ይናገራል፤ አፉ ግን ወይ ፍንክች! ትክ ብሎ ያያታል፣ አንድ ነገር ሊል ትንፋሹን ይስባል፣ ከዚያ «እሺ፣ ወደ ጥያቄ አራት» ይላታል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ በእሱ አፍ ግን ፍቅርም መውጫ አጣ። የኮሌጅ ኬሚስትሪ ኮርሷ ደግሞ በዚህ ሪፖርት ያልቃል። ካለቀ በኋላ ቅዳሜን አብረው የሚቀመጡበት ሰበብ የላቸውም። እታገኝን ከዜሮው በላይ ያንገበገባት ይኸው ነበር።

«አሉሚኒየም ከዚንክ ይበልጣል አላልከኝም?»

«ይበልጣል እኮ!»

«አሲዱ ውስጥ ስጨምረው ዝም አለ። ዚንኩ አረፋ ሲያወጣ እሱ ዝም! የተሳሳትኩ መሰለኝና፣ አንተ እንዳልከኝ 'ወዲያው በኃይል ፈላ' ብዬ ጻፍኩ።»

«አሲዱ ውሃ በዝቶበት ይሆናላ። መጽሐፉ ላይ...»

«መጽሐፉን ተወው! አንተ ራስህ ሲፈላ አይተህ ታውቃለህ?»

መክብብ መስኮቱን አየ፤ ጫማውን አየ።

«አላየሁም» አለ በመጨረሻ። «ትምህርት ቤታችን አሲድ አልነበረውም። የሙከራ ቱቦውን ሰሌዳ ላይ እሥላለሁ፣ አረፋውን በነጭ ጠመኔ ነጠብጣብ አደርጋለሁ። ልጆቹም ያንን ገልብጠው ሙሉ ማርክ ያገኛሉ። እኔም የተማርኩት እንደዚያው ነው።»

እታገኝ ልትጮህበት የከፈተችውን አፍ ዘጋች። ንዴቷ ግን አልበረደም፤ አሁን በማን እንደምትናደድ ብቻ ጠፋባት።

«ሐሙስ ሪዱ እንዳደርግ፣ ሙከራውን እንደገና እንድሠራ ተፈቅዶልኛል» አለችው። «አስተማሪዋን አስፈቅጄ ይዤህ እገባለሁ። የሥራ ሺፍትህን አስቀይር።»

ሐሙስ ከሰዓት፣ መነጽርና ጓንት አጥልቀው ላቦራቶሪው ውስጥ ጎን ለጎን ቆሙ። ማግኒዚየሙ ገና አሲዱን ሲነካ ተንጨረጨረ። ዚንኩ ቀስ እያለ አረፋ ሰደደ። መዳቡ እንደነበረ ቀረ። አሉሚኒየሙም ዝም አለ።

«ላዩ ላይ ስስ ልባስ አለው» አለ መክብብ። «አሲዱ መጀመሪያ እሱን መጨረስ አለበት። ሰሞኑን ነው ያነበብኩት።»

አምስት ደቂቃ አለፈ። እታገኝ ቱቦውን በጥፊ ብታጋጨው በወደደች። በሰባተኛው ደቂቃ አንዲት አረፋ ብቅ አለች። ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ ተከታተሉ፤ ወዲያው ቱቦው እስከ አፉ ተንተከተከ፣ ሙቀቱ ጓንቱን አልፎ ተሰማት።

ቀና ስትል መክብብ ያለቅሳል።

«እንዲህ ነው እንዴ?» አለ። «እታገኝ፣ እንዲህ ነው እንዴ?»

«ሰባት ደቂቃ ምንም፤ ከዚያ በኃይል ፈላ» ብላ ጻፈችና እስክሪብቶውን አስቀመጠች። ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻለችም።

«እኔ ያየሁትን ጻፍኩ። አንተ ደግሞ ያለህን ንገረኝ፤ ሳልሄድ።»

መነጽሩ በእንባ ጉም ለብሷል።

«እወድሻለሁ። ከባቡሩ ቀን ጀምሮ።»

«ታዲያ አራት ወር ሙሉ ምን ሆነህ ነው?»

«መኪና አቁሜ የምውል ሰው ነኝ። ኬሚስትሪው ብቻ ነበር ወደ እኔ የሚያቀርብሽ። ያንንም አለማወቄን አየሽው።»

«አንተ ሰው፣ ታናድዳለህ!» አለችው፤ ድምፅዋ ግን መሐል ላይ ተሰበረ። «የቀረብኩህ ለማርክ መሰለህ? ጥያቄ አራትን እኮ ያወቅኩት ከሦስት ወር በፊት ነው! እየተሳሳትኩ የምቀመጠው ለማን መሰለህ?»

መክብብ በጓንቱ እጇን ያዛት፤ እሷም አልነጠቀችውም።

ሪፖርቱን አስረከበችና ተመለሰች።

«አለቀ» አለች። «ኮርሱ አለቀ።»

«አለቀ» አለ እሱም፣ ክፍት እያለው።

«ቅዳሜ አራት ሰዓት ና። መጽሐፍ ይዘህ እንዳትመጣ።»