ሠላሳ ስድስቱ ገመዶች

የገመድ ፋብሪካው ፈታሽ መፈተሻ ክፍሉ ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ጭንቅላቱን ከኋላ በብረት መንጠቆ ሦስት ጊዜ መትተውታል። አንዱ በበቃው ነበር፤ የቀሩት ሁለቱ የንዴት ናቸው። ደሙ በገመድ መጎተቻው ማሽን ሥር ተኝቷል።

መርማሪው ሲደርስ የሟቹ የእህት ልጅና ረዳት የሆነችው ወጣት እጇ በካቴና ታስሯል። እስከ ክርኗ ደም በደም ናት።

«አቅፌው ነው ጋሼ! በሕይወት ያለ መስሎኝ ነው!»

«አብራው የምትውለው እሷ ብቻ ናት፤ ትናንትም ሲጨቃጨቁ ነበር» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ይልቅ ቶሎ ጨርሱልን፤ መኪናው ተጭኖ ቆሟል።»

የተጫነው ገመድ ፎቅ ላይ ተንጠልጥለው ቀለም ለሚቀቡ ሰዎች ነው። ፋብሪካው አንዱ ገመድ በአማካይ ዘጠኝ መቶ ኪሎ ይችላል ብሏል።

መርማሪው የሟቹን ደብተር ገለጠ። ሟቹ ከጭነቱ ሠላሳ ስድስት ገመድ በዕጣ አውጥቶ እስኪበጠስ ጎትቷል። የተበጠሱበት አማካይ 870 ኪሎ፣ ገመዶቹ ከአማካዩ የሚለያዩበት መጠን (ስታንዳርድ ዲቪዬሽን) 30። የመጨረሻው መስመር ግን በላጲስ ጠፍቶ እንደገና ተጽፏል፦ «የመተማመኛ ክልል ከ810 እስከ 930። 900 ውስጡ ነው። ይለፍ።»

ደብተሩ አጠገብ መድረስ የሚችሉትን ሦስቱን፣ ሥራ አስኪያጁን፣ የመጋዘን ኃላፊውንና ልጅቷን፣ ለየብቻ አንድ ነገር ጠየቃቸው፦ ክልሉ ምን ማለት ነው?

«እኔ ጥቅል ነው የምቆጥር፤ ጣጣችሁን ለራሳችሁ!» አለ የመጋዘን ኃላፊው።

ሥራ አስኪያጁ ሳቀ። «ይሄማ ቀላል ነው። አብዛኞቹ ገመዶች የሚበጠሱት በዚህ መካከል ነው ማለት ነው።»

ልጅቷ እንባዋን በትከሻዋ ጠረገች። «የአንድ ገመድ ጉዳይ አይደለም ጋሼ፤ የጠቅላላው ምርት አማካይ ነው። ሁሉንም በጥሰን ምን ልንሸጥ? በሠላሳ ስድስቱ እንገምታለን። እንዲህ መቶ ጊዜ ብንሠራ፣ ዘጠና አምስት ጊዜ ያህል ክልሉ እውነተኛውን አማካይ ይይዛል። አጎቴ ይህን የሳተ ሰው አያናግርም ነበር።»

መርማሪው ሁሉንም ማሽኑ ፊት ሰበሰበ።

«ደብተሩን ያበላሸው ሰው ለዘጠና አምስት ከመቶ እንደሚደረገው ሠላሳን በሁለት አባዝቶ፣ ስልሳን ከ870 ቀነሰ፣ ደመረ። ያ የነጠላ ገመድ ነው። አማካይ እንዲያ አይዋዥቅም። ሠላሳው መጀመሪያ ለሠላሳ ስድስት ስኩዌር ሩት፣ ለስድስት ይካፈላል፤ አምስት። እጥፉ አሥር። እውነተኛው ክልል ከ860 እስከ 880 ነው፤ ዘጠኝ መቶ ውጭ ቀርቷል። ሟቹ የጻፈው ‹አይለፍ› ነበር።»

«እሷስ ብትሆን?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«እሷ ማካፈሉን አትስትም። የመጋዘን ኃላፊው ማባዛቱንም አያውቅ። ግማሹን ብቻ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት፤ አሁን በአፍዎ ነገሩኝ። ለገዢውም ዘጠኝ መቶ ብለው የፈረሙት እርስዎ።»

«ስሜን ሊያጠፋ ነበር! ለምኜው ነበር እኮ!» ሥራ አስኪያጁ መንጠቆ ከግድግዳው ነጥቆ ሰነዘረ። የመርማሪው ትከሻ ቀጭ አለ። የመጋዘን ኃላፊው ዘሎ አነቀው፤ ሁለቱም ደሙ ላይ ተንከባለሉ። ጥርስ ሲረግፍ ተሰማ።

«ገመድ አቀብሉኝ፣ ልሰረው!» አለ የመጋዘን ኃላፊው ከላዩ ሆኖ፤ እጁን ወደ አዲሱ ጥቅል ዘረጋ።

«በእሱ አይደለም» አለች ልጅቷ። የታሰሩ እጆቿን ለመርማሪው ዘረጋች። «ይህን ፍታልኝና ለእሱ አድርግለት።»

ካቴናው ሲወልቅላት ደብተሩን አነሣች። «ከ860 እስከ 880። አይለፍ» ብላ ጻፈች፤ ወጥታም መኪናውን ማራገፍ ጀመረች።