አንድ ሜትር ከፍ ያለው መንገድ

ይርዳው መጀመሪያ ያየኝ ተዘቅዝቄ ነው።

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሲቪል ምህንድስና ሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ነበርን። በቅየሳ ልምምድ ላይ እኔ ቁመት መለኪያውን ዘንግ ይዤ ቆሜያለሁ፣ እሱ በመሣሪያው መነጽር ቁጥሩን ያነባል። መሣሪያው ከማርጀቱ የተነሣ የቆመውን ሁሉ ገልብጦ የሚያሳይ ዓይነት ነበር።

«አንብበህ አልጨረስክም እንዴ? እጄ ዛለ እኮ!» ብዬ ጮኽኩ።

«ቁጥሩንማ ከጨረስኩ ቆየሁ» አለ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ያንን ዘንግ ለማንም አልሰጥም አልኩ። ይርዳው የአንበሳሜ መምህር ልጅ ነው፤ ዝምተኛ፣ ውሸት የማያምርበት። እኔ ደግሞ አፌ የማያርፍ የፎገራ ገበሬ ልጅ። አፌ ባረፈባት በአንዲት ቀን ነው ጉድ የሆንኩት።

አምስተኛ ዓመት ላይ የመመረቂያ ሥራችንን አብረን ያዝን። ከወረታ ወጣ ብሎ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር የርብ ወንዝ ሞልቶ የሚቆርጠውን የእኛን ቀበሌ መንገድ መንደፍ ነው። ወረዳው በንድፋችን ሊሠራ ስላሰበ ነገሩ የክፍል ሥራ ብቻ አልነበረም።

ከሁሉ በፊት ውኃው እስከ የት እንደሚደርስ ማወቅ ያስፈልጋል። ይህን መጽሐፍ አይነግርህም፤ አገሬውን ትጠይቃለህ። ይርዳው አባቴን ጠየቀ።

«በዚያ በትልቁ ጎርፍ ጊዜ ውኃው እዚህ ምን ያህል ደረሰ፣ አባባ?»

አባቴ አቶ አዛናው ማሳቸውን አየት አደረጉና «ከጉልበት አላለፈም፣ ልጄ» አሉ።

ዋሹ። ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። በትከሻቸው ተሸክመው ሲያሻግሩኝ ውኃው ደረታቸው ደርሶ ነበር። ለምን እንደዋሹም ገብቶኛል። መንገዱ አንድ ሜትር ከፍ ካለ የአፈሩ ሙሌት ከሥሩ አራት ሜትር ይሰፋል፤ የሚሰፋው ደግሞ በሩዝ ማሳቸው ላይ ነው።

ወደ ወረታ ስንመለስ እውነቱን ለይርዳው ነገርኩት። 

«እሳቸው እንዳሉት ብንጽፈውስ?» አልኩት።

«ሰው እኮ መንገድ አለ ብሎ አምኖ ይገባበታል፣ ሙናዬ።»

እስከ ደረት ብለን ጻፍን።

ከተመረቅን በኋላ የመንገዱን ወሰን የሚያሳየው ችካል ተተከለ። ከአባቴ ማሳ ደህናው ጎን ችካሉ ውስጥ ገባ። አባቴ ይርዳውን አስጠሩት። እኔ አጠገቡ ቆሜያለሁ።

«የውኃውን ነገር ማን ነገረህ?»

«ማንም። በስሌት ራሴ ነኝ የደረስኩበት» አለና ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

ምንም አላልኩም። ስላዳነኝ ደስ አለኝ፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

በጥር ይርዳው የላካቸው ቄስ አድማሴ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ከአንበሳሜ መጡ። እንደ ወጉ ጉዳያቸው እስኪሰማ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። እኔ ጓዳ ሆኜ በበሩ ስንጥቅ አያለሁ።

«ልጅዎን ለልጃችን ይስጡን ብለን ነው» አሉ ቄሱ።

አባቴ ወደ ጓዳው በር ዞረው ብዙ ቆዩ። ከዚያ «ማሳዬን ለወሰደ ልጄን የምጨምርለት በምን ዕዳዬ ነው?» አሉ።

ወጥቼ «የነገርኩት እኔ ነኝ» ብል ነገሩ ያበቃ ነበር። ግን በሽማግሌ ፊት ሴት ልጅ አትናገርም አልኩ። ምክንያት ነበር እንጂ፣ እውነቱ አባቴን ፈርቼ ነው። ሽማግሌዎቹ እንደቆሙ ተመለሱ።

በማግስቱ ይርዳውን ወረታ መናኸሪያ አገኘሁት።

«ነገርሻቸው?» አለኝ።

«አልቻልኩም።»

አልተቆጣም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ጂንካ ሥራ ማግኘቱን ነግሮኝ፣ ጉንጬን ስሞኝ አውቶቡስ ውስጥ ገባ። እኔም አልቅሼ ቤቴ ገባሁ።

መንገዱ ተሠርቶ በሦስተኛው ክረምት ሜዳው እንዳለ ባሕር ሆነ። መንገዱ ግን ደረቁን ቀረ። ከአባቴ ጋር ከብቶቹን በእሱ ላይ እየነዳን ስናሸሽ፣ አልችል አልኩና ተናገርኩ።

«አባባ፣ ለይርዳው እውነቱን የነገርኩት እኔ ነበርኩ።»

«ያኔውኑ አውቄዋለሁ» አሉ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

«ታዲያ ሽማግሌዎቹን ስለምን መለሷቸው?»

አባቴ ቆሙ።

«በሩን በሩን ሳይ ነበር እኮ፣ ትወጣለች ብዬ። አንቺን የመሰለች ምላሰኛ የምትወደው ሰው ሲመለስ ዝም ትላለች? አልፈለገችውም አልኩ። እምቢ ያለችው ልጂቱ ናት እንዳይባልና ልጁም እንዳያፍር በማሳዬ አመካኘሁ።»

ላሞቹ ቀድመውን ሄዱ። ያን ጊዜ ይርዳው ጂንካ ውስጥ አግብቶ፣ ሚስቱ የመጀመሪያ ልጁን ወልዳለት ነበር።