የሸክላ ሠሪዋ መደርደሪያ

ገዥው ወንዙን ጠልፈው ወደ ከተማው ባስገቡበት ዓመት፣ በበጋው አጋማሽ፣ ቦዩ በተከፈተበት ዕለት መለከት ተነፋ፤ ሹማምንቱ በየማዕረጋቸው ቆሙ፤ ሕዝቡም ውኃው በቤቶቹ ጓሮ ሲያልፍ ለማየት ግልብጥ ብሎ ወጣ። ሸክላ ሠሪዋ ግን ከአንጥረኛው ደጅ ቆማ የመደርደሪያ ደጋፊ ብረት ትመርጥ ነበር።

ባሏ ከሞተ ወዲህ ከአንዲት ልጇ ጋር በአንድ ክፍል ትኖራለች፤ ማሰሮዎቿ የሚደረደሩት ልጅቷ ከምትተኛበት ራስጌ በላይ ነው። ሰፈርተኛው «ጭንቄ» ይላታል።

«ይኼ ቀጠነብኝ ጋሼ።»

«እትዬ፣ ይኼ እኮ በሬ ይሸከማል!»

«በሬው ከልጄ ራስ በላይ አይደለማ የሚቆመው።»

አንጥረኛው እየሳቀ ወፍራሞቹን አወጣ፤ አንዱ ክንዳቸው ግድግዳውን፣ ሌላው ሳንቃውን የሚይዝ፣ መካከላቸውን ሰያፍ ብረት የደገፋቸው ነበሩ። ቤቷ ድረስ መጥቶ በረጃጅም ችንካር መታቸው፤ ሳንቃውን ጫነ። እሷም እንደ ልማዷ ዝርግ ሳህን እስከ አፉ ውኃ ሞልታ መደርደሪያው ላይ አኖረች። ውኃው ጠርዙን ዙሪያውን እኩል ነካ።

«አሁንስ አመንሽ?»

«እስኪነጋ እዚያው ይቆይ።»

«ኧረ ጭንቄ ሲያንስሽ ነው!»

በማግስቱ ማለዳ ልጅቷ ተነሥታ፣ «እማዬ፣ ትራሴ ረጥቧል» አለች።

እናት ቀና ብላ ስታይ ክው አለች። ውኃው ወደ ግድግዳው አዘንብሎ ፈስሶ ነበር። ልጅቷን ከአልጋው ጎትታ እየሮጠች አንጥረኛው ዘንድ ደረሰች፤ አንቱታውንም ረሳችው።

«ብረትህ ጎበጠ! ልጄን ልትገድልብኝ ነው!»

አንጥረኛው ተቆጥቶ ማዕዘን መለኪያውንና ቱምቢውን ይዞ መጣ። ብረቶቹን ለካ፤ እንደ ትናንቱ ቀጥ ያሉ ናቸው። ችንካሮቹን ነቀነቀ፤ ንቅንቅ የሚል አልተገኘም። ቦዩ ወደሚያልፍበት ጓሮ ዞረ፤ እግሩ ጭቃ ውስጥ ሰጠመ። የቱምቢውን ገመድ ከግድግዳው አናት ቁልቁል ለቀቀው፤ ከላይ ግድግዳውን የነካው ገመድ ከታች ክንድ የሚያስገባ ክፍተት ነበረው። ፊቱ አመድ መሰለ።

«እትዬ… ብረቱስ ደኅና ነው። የሚሄደው ቤቱ ነው።»

ጮኸች። በቦዩ ዳር የተያያዙትን ቤቶች በር አንድ በአንድ ደበደበች። «ጭንቄ ደግሞ ዛሬ ምን ታያት?» እያሉ፣ ገሚሱም እየሳቀ፣ ሁሉም ወጡ። ሳቁ ሳያልቅ የቤቷ ግድግዳ ወደ ቦዩ ተደረመሰ፤ የጎረቤቶቹም ተከተሉት። አቧራው ሰፈሩን ሲሸፍን፣ አንዲት ሴት ማማሰያዋን እንደያዘች ደጅ ቆማ ነበር።

የገዥው ጸሐፊ፣ «በዚያ ዓመት ጌታችን ውኃ አስገቡ፤ ቤቶች ቢፈርሱም በዕድላቸው ብርታት አንዲት ነፍስ አልጠፋችም» ብሎ ጻፈ። ስለ ሳህኑ የጻፈ የለም።

ፍርስራሹ ሲነሣ በጀርባው የተንጋለለ የግድግዳ ቁራጭ ተገኘ፤ ብረቶቹ ሳንቃውን እንደጨበጡ ወደ ሰማይ ቆመዋል። እናት ልጇን አቅፋ ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። ቀጭኖቹን መርጣ ቢሆን ኖሮ፣ እሷም አንጥረኛውም «ብረቱ ጎበጠ» ብለው፣ እሱን ለውጠው፣ ልጅቷን እዚያው ያስተኟት ነበር።