አምስተኛው ድምፅ

የካዛንቺሱ ሕንፃ ጥበቃ ጋሽ አረጋዊ ከጦቢያ ቦርሳ ክንድ የሚያህል ቢላዋ መዘው አወጡ።

«እህት ዓለም፣ ማንን ልታርጂበት ነው?»

«የእንሰት መቁረጫ ነው፣ ጋሼ። በሽታውን ከተክል ወደ ተክል የሚያዛምተው እንዲህ ያለው ነው። ላሳያቸው ብዬ ነው።»

ስድስተኛ ፎቅ ላይ ለምግብ ዋስትና ምርምር ገንዘብ የሚሰጥ ድርጅት አለ። ጦቢያ በዚያ ዓመት ደጅ ስትጠና ይህ አራተኛዋ ነው። ጉራጌ ውስጥ፣ በኪራይ መሬት ላይ፣ አጠውልግ የሚባለውን በሽታ የተቋቋሙ ሁለት መቶ የእንሰት ችግኞች አሏት። እስከ ሚያዝያ ገንዘብ ካልተገኘ መሬቱ ለባለቤቱ ይመለሳል፤ ችግኙ ይነቀላል፤ የስድስት ዓመት ልፋቷም አብሮ።

«ሠራተኛ ካልፈረመበት አያልፍም» አሉ ጋሽ አረጋዊ።

ከኋላዋ የቆመ ረጅም ሰው እስክሪብቶ አወጣ። «እኔ እፈርማለሁ። ሰው ከገደለች እኔን ይጠይቁኝ።»

ለሊሳ ይባላል፤ የድርጅቱ ባለሙያ ነው። ያን ቀን ማመልከቻዋን አስገብታ ስትወጣ ቢላዋውን እሱ ጠረጴዛ ላይ ረሳችው። ሐሙስ ልትወስደው ተመለሰች፤ ወርደው ሻይ ጠጡ፤ ቢላዋው እዚያው ቀረ። በሚቀጥለው ሐሙስም እንዲሁ። ስለ ማመልከቻዋ አንድም ቀን አላነሱም። ስለ ድካም ግን ብዙ አወሩ።

«ለምንድን ነው ያላገባኸው?» አለችው አንድ ምሽት፣ ቂርቆስ ድረስ በእግር ሲሸኛት።

«ፎርም መሙላት አልወድም።»

ሳቀች። ባሏን ከቀበረች ወዲህ እንዲያ ስትስቅ ራሷን ሰምታ አታውቅም።

ጥር ላይ አምስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ፊት ቀረበች። አንዱ ለሊሳ ነበር። ገና ስሟ ሲጠራ ተነሳ፤ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት በሩን ዘግቶ ወጣ።

በማግስቱ ደብዳቤው መጣ። ሁለት ደገፉ፣ ሁለት ተቃወሙ፤ እኩል ከሆነ ይወድቃል። አምስተኛው ድምፅ አልተሰጠም።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ስልኩን አላነሳችለትም። በመጨረሻ ቢላዋዋን ልትወስድ ሄደች። በዚህ ጊዜ የምሯን ነበር።

«ቢላዋዬን ስጠኝ» አለችው እንደ ቆመች።

«ተቀመጪ።»

«አልቀመጥም። ደግፈኝ አላልኩህም፣ ለሊሳ። ብትቃወመኝም፣ በቃ፣ ይገባኛል። ግን ማዳመጥ እንኳ ምን ይከብድ ነበር?»

መሳቢያውን ሳበ። በጋዜጣ የተጠቀለለውን ቢላዋና አንድ ወረቀት አወጣ። የኮሚቴው አባላት ከስብሰባ በፊት የሚሞሉት ፎርም ነው። «ከአመልካቹ ጋር ግንኙነት አለዎት?» ይላል። ከሥሩ በለሊሳ የእጅ ጽሑፍ፦ «አለኝ። እወዳታለሁ። ስለዚህ ልዳኛት አልችልም።»

ጦቢያ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«ይሄን ማን አየው?»

«ኮሚቴው በሙሉ። ጸሐፊዋም። ጋሽ አረጋዊም ሳይሰሙ አልቀሩም።»

«እኔ ብቻ ቀረሁ።»

«ቀድሜ ብነግርሽ በድምፄ የምደራደርሽ ይመስል ነበር። ዝም ብዬ ብዳኝ ደግሞ ሌባ እሆናለሁ... ስድስት ዓመትሽን አጠፋሁብሽ፣ ጦቢያ።»

«አዎ» አለች። ልታጽናናው አልሞከረችም። «ብትቀመጥ ያልፍልኝ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

ጥቅሉን በእጇ አገላበጠችው።

«ብትቀመጥ ግን ዛሬ አላምንህም ነበር።»

ለሊሳ መሳቢያውን መልሶ ዘጋ።

«እዚያ ጉራጌ የሰፈሩ ሴቶች ችግኞቹን ተከፋፍለው በየጓሯቸው ሊተክሉልኝ ነው» አለች። «ቅዳሜ እንነቅላለን። እጅ ያንሰናል።»

«እመጣለሁ።»

«ቢላዋው ንጹሕ ነው?»

«በእሳት ለብልቤዋለሁ። አንቺው አይደለሽ ያስተማርሽኝ?»

በዓመቱ ከሁለት መቶው መቶ ስልሳው በየጓሮው ቆሞ ነበር። ጦቢያ እንደገና አመለከተች። ለሊሳ ፎርሙ ላይ ብዙ አልጻፈም፦ «አለኝ። ባለቤቴ ናት።» ስሟ ሲጠራም ተነስቶ ወጣ።

ኮሚቴው የጠየቀችውን ግማሽ ፈቀደ። ስትወርድ ለሊሳ በሩ አጠገብ ከጋሽ አረጋዊ ጋር ተቀምጦ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለውን ቢላዋዋን ጭኑ ላይ አድርጎ ይጠብቃታል።

«ግማሹን» አለችው።

«እስከ ዛሬ ግማሹስ መቼ ነበረን?» አለና ተነሳ።

«በይ፣ ቢላዋውን ረስተሽው እንዳትሄጂ» አሉ ጋሽ አረጋዊ።

ጦቢያ ጥቅሉን ተቀብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ያኔም አልረሳሁትም ነበር፣ ጋሼ» አለች።