ወፍ ያልነካው ዘር

ወፎቹ አለመምጣታቸውን ስመኝ ልብ ያለችው ዘሩ ከተበተነ በአራተኛው ቀን ጠዋት ነበር፤ ያኔ ደግሞ አፈሩ ተደልድሎ፣ ዘሩ ገብቶ፣ በላዩ ላይ ስስ ፍግ ተነስንሶበት ሁሉ ነገር አልቆ ነበር። እንደ ወትሮዋ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነስታ፣ የውሃውን ጎማ ከቧንቧው ጋር አያይዛ፣ ዘሩ ታጥቦ እንዳይሄድባት የጎማውን አፍ በአውራ ጣቷ እየጨፈነች እንደ ካፊያ ታርከፈክፋለች። ወፍ ለማባረር በገመድ ላይ የሰቀለቻቸው ፌስታሎች በነፋሱ ይንኮሻኮሻሉ። ቀና ስትል በጎረቤት ቆርቆሮ ጣሪያ ጠርዝ ላይ ድንቢጦች ተደርድረው አየች። ሃያ ይሆናሉ። ሁሉም ጀርባቸውን ለእሷ ግቢ ሰጥተዋል።

«ፌስታሉን ፈርተው ነው» አለች ለራሷ። ግን ወፍ ፌስታል የሚፈራው አንድ ቀን፣ ቢበዛ ሁለት ቀን መሆኑን ታውቃለች።

ግቢውን እንደ አዲስ ሣር ለማልበስ የተነሳችው ለጌጥ አልነበረም። የአምስት ዓመት ልጇ ኖላዊት አስም አለባት። ቢሾፍቱ ወዳለው ወደዚህ ቤት ሲገቡ ግቢው ሣር ነበረው፤ በሁለት በጋ ግን እንደ አሮጌ ምንጣፍ ተላልጦ ባዶ መሬት ሆነ። ባለፈው ጥር ነፋሱ ሲነሳ አቧራው በመስኮት ስንጥቅ ሳይቀር እየገባ አልጋው ላይ ይተኛ ነበር። ሁለት ጊዜ ከንፈሯ የጠቆረ ልጇን ትከሻዋ ላይ ጥላ ወደ ሐኪም ቤት ሮጣለች። በሁለተኛው ጊዜ ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ፣ «ይሄ አቧራ ካልጠፋ ለሦስተኛው ላንደርስላት እንችላለን» አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስመኝ በአንድ ጆሮዋ ብቻ ነው የምትተኛው፤ ሌላው ጆሮዋ የልጇን ትንፋሽ ሲቆጥር ያድራል። የዘንድሮው ነፋስ ሳይነሳ ግቢው በሙሉ መሸፈን አለበት። ሌላ ነገር አልፈለገችም።

በነሐሴ ደብተር ገዝታ ገጹን በማስመሪያ ለሁለት ከፈለችው። በግራ በኩል የሚሠራውን ጻፈች፤ አሮጌውን ሣር ከነሥሩ መንቀል፣ መሬቱን በዶማ ገልብጦ ፀሐይ ማስመታት፣ አዲስ አፈር ማልበስ፣ ውሃ የሞላ በርሜል እያንከባለሉ መዳመጥ፣ ዘሩን ግማሹን በቁመት ግማሹን በወርድ መበተን። በቀኝ በኩል ሊበላሽ የሚችለውን ጻፈች። ጉንዳን፣ ወፍ፣ ጎርፍ፣ የጎረቤት ፍየል፣ የውሃ መጥፋት፣ ያረጀ ዘር። የቀኙ ከግራው በሦስት ገጽ በለጠ። ባሏ ምናሴ አይቶ ሳቀባት።

«ሣር ልትዘሪ ነው ወይስ ልትዘምቺ?»

«ሳቅ አንተ። እሷን ሲያፍናት አንተ ሞጆ ሥራ ላይ ነህ።»

አትክልተኛው ጋሽ ደበላም በዘሩ አልተስማሙም ነበር።

«ሣር ተገንጥሎ ነው የሚተከለው። አርባ ዓመት ስገነጥል ኖሬ ዛሬ እንደ ጤፍ በትን ትይኛለሽ?»

«የተገነጠለው እስኪገጣጠም ጥር ይገባል ጋሽ ደበላ። በመሃል የሚቀረው ባዶ መሬት ነው ልጄን የሚገድላት።»

«እሺ እመቤቴ፣ እንበትናለን። ካልበቀለ ግን ጢሜን እንዳትነጪኝ።» ወደ ኖላዊት ዞሩ። «አንቺ ጢሜን ትጠብቂልኛለሽ፣ አይደል?»

ኖላዊት እየሳለች ሳቀች።

አፈሩን ያመጣው ከድር የሚባል የገልባጭ መኪና ሹፌር ነው። ሰው ግቢውን ሲያለማ አፈር በመኪና ያስመጣል፤ ጥቁርነቱን አይቶ ይቀበላል እንጂ ከየት ተቆፍሮ እንደመጣ የሚጠይቅ የለም። ስመኝም ያን ሁሉ ስትጽፍ ይህን ሳትጽፍ ቀረች። ጋሽ ደበላ አፈሩን በወንፊት ሲነፉት ወንፊቱ ላይ ምንም አልቀረም፤ ጠጠር ቢሉ፣ ሥር ቢሉ፣ የጠርሙስ ስባሪ ቢሉ፣ ትል እንኳ። «ዱቄት ነው የሸጠልሽ» አሉ ደስ ብሏቸው። ስመኝ አንድ እፍኝ ዘግና አሸተተችው። የአፈር ሽታ አልነበረውም። ታጥቦ፣ ቅባት ተቀብቶ፣ ፀሐይ የሞቀ ሕፃን ማጅራት ይሸታል። መልሳ ልትበትነው ስትል እጇ እምቢ አላት፤ ትንሽ ቆማ ደግማ አሸተተችው።

ያን የአራተኛውን ቀን ጠዋት ጋሽ ደበላ ሲመጡ ድንቢጦቹን አሳየቻቸው። ቆባቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው ጣሪያውን ብዙ አዩ።

«ወፍ ያልነካው ዘር ገና ዛሬ አየሁ» አሉ። ሻያቸውንም ሳይጠጡ ሄዱ።

የሣር ዘር ለመብቀል አሥር ቀን፣ ብርድ ከሆነም ሃያ ቀን ይፈጃል ተብላ ነበር። በአምስተኛው ቀን በቀለ። መጀመሪያ የታየው ከኖላዊት መኝታ ቤት መስኮት ሥር ነው፤ ከሕፃን ፍራሽ የማይበልጥ አረንጓዴ ቁራጭ፣ በእጅ ተበትኖ የበቀለ ሳይሆን አንድ በአንድ የተሰካ የሚመስል። ከዚያ በየቀኑ አንድ ክንድ ያህል እየሰፋ፣ በረንዳውን ዞሮ፣ የውሃ ጋኑን አልፎ ወደ አጥሩ ሄደ። ኅዳር ሳያልቅ ከግቢው መሬት የቀረ ጥፍር የምታህል ባዶ ቦታ አልነበረችም። ከበቀለበት ቀን ጀምሮ ደግሞ ኖላዊት አንድ ቀን እንኳ አልሳለችም። የሚነፋው መድኃኒቷ መሳቢያ ውስጥ ቀረ። ምናሴ ልጁን ወደ ላይ እየወረወረ ሲቀልብ፣ «አየሽ? አየሽ?» ይላል። ስመኝም ማየቱን ታያለች፤ ግን ጆሮዋ አሁንም እንደ ድሮው ነቅቶ ነው፣ የሚቆጥረው ትንፋሽ ደግሞ በየቀኑ እየራቀና እየቀጠነ ይሄድባታል።

ኖላዊት ከመዋለ ሕፃናት ስትመለስ ቦርሳዋን በረንዳ ላይ ወርውራ ሣሩ ላይ በጎኗ መተኛት ልማድ አደረገች። አንድ ቀን እናቷ አጠገቧ ተንበረከከች።

«ምን ትሰሚያለሽ ኖሊ?»

«ሲተነፍስ።»

«ማን?»

«ሣሩ ነዋ! ለእኔ ይተነፍስልኛል። አንቺ አርፈሽ ተቀመጪ ብሎኛል።»

ስመኝ ጆሮዋን መሬቱ ላይ ለጠፈች። መሬቱ ይሞቃል። ከሥሩ ከሩቅ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ እንደተሸፈነ፣ ቀጭን ሲርታ ያለበት ትንፋሽ ይመጣል ይሄዳል። ያን የልጇን ደረት ሲርታ ከሺህ ሰው ትንፋሽ መሃል ትለየዋለች። ብድግ ብላ ልጇን ከመሬት አነሳች፤ የደረቀ ልብስ ከገመድ ላይ እንደማውረድ ቀለለቻት። ወደ ኋላ ስትዞር የራሷ ነጠላ ጫማ ሣሩን አስተኝቶ ጥርት ያለ ፈለግ ትቷል። ኖላዊት ተኝታበት የነበረው ቦታ ላይ ግን አንድ ቅጠል አልጎበጠም።

ታኅሣሥ ሲገባ ሰዎች መርሳት ጀመሩ።

መጀመሪያ ምናሴ ነው። ከሥራ ሲመለስ ሁልጊዜ ኪሱ ውስጥ ለልጁ ብስኩት አይጠፋም፤ አንድ ማክሰኞ ባዶ እጁን ገባ። «የኖሊስ ብስኩት?» ስትለው፣ ጫማውን እየፈታ «የማን?» አለ። ከዚያ ከእንቅልፉ እንደነቃ ሰው ግንባሩን መታ። «ኧረ ረስቼው! ድካም ነው ባክሽ።» ሐሙስ ዕለት ስመኝ ልጇን ልታመጣ ወደ መዋለ ሕፃናቱ ስትሄድ መምህሯ በሩን እየዘጋች ነበር። «ሁሉም ሄደዋል እኮ እናቴ፣ የማንን ልጅ ፈልገው ነው?» አለቻት በትሕትና፤ ኖላዊት የመምህሯን ቀሚስ ጫፍ ይዛ ቆማ ነበር። ቅዳሜ ጋሽ ደበላ ሣሩን ሊያጭዱ መጡ። ኖላዊት ሮጣ ሄዳ ጢማቸውን ያዘች።

«ይቺ ቆንጆ ደግሞ የማን ናት? እንግዳ መጣብሽ?»

ስመኝ ለመሳቅ ሞከረች። ሽማግሌው ግን እየቀለዱ አልነበረም፤ መልሷን ይጠብቁ ነበር።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ከድር ጋ ደወለች።

«ያ አፈር ከየት ነው የመጣው?»

«ምነው እህቴ? አልበቀለም እንዴ?»

«በቅሏል። ከየት ነው አልኩህ?»

በስልኩ ውስጥ የሰው ጫጫታና የብረት ድምፅ ይሰማል። ከድር ራቅ ብሎ ሄደ መሰል ጫጫታው ቀነሰ።

«ከአንድ ግቢ ነው። ያማረ ሣር ነበረበት። ሴትዮዋ ንቀሉልኝ፣ ከነአፈሩ ውሰዱልኝ አለች። ለምን ስላት አላውቅም አለች። እኛ ስንጭን እሷ በረንዳ ላይ ቁጭ ብላ ታለቅሳለች። ሰው ሞተብሽ እንዴ ብላት፣ ማንም አልሞተብኝም፣ ብቻዬን ነው የምኖረው፣ ለምን እንደማለቅስም አላውቅም አለችኝ። በቃ፣ አንዳንድ ሰው...»

«መጥተህ አንሳልኝ። ዛሬ።»

«ዛሬ መኪናው ጋራዥ ነው። ነገ በጠዋት።»

ነገን አልጠበቀችም። አካፋውን ከጓሮ አምጥታ፣ ከመስኮቱ ሥር መጀመሪያ የበቀለው ቦታ ላይ ቆማ፣ በእግሯ ረግጣ አስገባችው። ሥሩ ሲበጠስ ጨርቅ ሲቀደድ የሚሰማውን ዓይነት ድምፅ አሰማ። በረንዳው ላይ የነበረችው ኖላዊት ጉሮሮዋን ያዘች። ስመኝ አየቻት፤ ግን ልቧን አጨክና ደግማ ረገጠች፤ አንድ ምንጣፍ የሚያህል ሣር ከነአፈሩ ገለበጠች። ከሥሩ ያለው አፈር ረጥቦ ያብለጨልጫል፤ ወደ ላይ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። ኖላዊት ወደቀች። ከንፈሯ ጥቁር ነበር።

መድኃኒቱን ከመሳቢያ አምጥታ አፏ ውስጥ ነፋች። አንዴ፣ ሁለቴ፣ አምስቴ። ምንም። የልጅቷ ዓይን ወደ ላይ ሄደ። ያኔ ስመኝ እየጮኸች ወደ ጉድጓዱ ተመልሳ በጉልበቷ ወደቀች፤ የገለበጠችውን ሣር መልሳ ቦታው ላይ አድርጋ በሁለት መዳፏ፣ በክርኗ፣ በሙሉ ክብደቷ ተጫነችው። የተቆረጠው ሥር ከመዳፏ ሥር ተንቀሳቅሶ ሲያያዝ ተሰማት።

ከኋላዋ ኖላዊት ረጅም ትንፋሽ ሳበች።

«እማዬ» አለች ደክሟት፣ «አትቁረጪኝ።»

ስመኝ ልጇን ታቅፋ በረንዳው ላይ ከሰዓቱን በሙሉ ተቀመጠች። ከነቀለችው ትታፈናለች። ከተወችው ደግሞ ምን እንደሚሆን አይታለች፤ ሦስት ሰዎች ዓይኗ እያየ ልጇን ረስተዋታል። «ኖላዊት ምናሴ» ትላለች ጆሮዋ ሥር፣ «ኖላዊት ምናሴ፣ ሐምሌ ውስጥ ተወለደች፣ ዝናብ ነበር፣ ሁለት ኪሎ ከሰባት መቶ፣ ኖላዊት ምናሴ።» አንድ ጊዜ ቃሉ አፏ ላይ ሲንሸራተትባት ደነገጠችና ከልጅቷ ቦርሳ እስክሪብቶ አውጥታ ስሙን ጭቃ ባልነካው የእጇ አንጓ ላይ በትልልቁ ጻፈችው። ካልረሳኋት ትኖራለች አለች በልቧ። እኔ ብቻ ካልረሳኋት።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ብርድ መጣ። ኖላዊት ከእቅፏ ሾልካ ወርዳ ሣሩ ላይ ተኛች።

«ነይ ግቢ፣ ይበርድሻል።»

«ትንሽ ልቆይ።»

«ሹራብ ላምጣልሽ። ከዚያች ንቅንቅ እንዳትዪ። እሺ በይኝ።»

«እሺ እማዬ።»

እየሮጠች ገባች። መኝታ ቤቱ ውስጥ ትንሽ አልጋ አለ፣ ትንሽ መሳቢያ አለ፤ መስኮቱ ክፍት ነው፣ ያ የሞቀ የማጅራት ሽታ ክፍሉን ሞልቶታል። መሳቢያውን ስባ ቆመች። ምን ልትወስድ እንደገባች ጠፋት። ጥቃቅን ልብሶች ነበሩ፤ አንዱን አነሳች፣ አየችው፣ መልሳ አጠፈችው። እጇ በጭቃ መቆሸሹን ስታይ ወደ መታጠቢያው ሄዳ እስከ ክርኗ በሳሙና አሸች። ከጭቃው ጋር ሰማያዊ ቀለም ቀልጦ ወረደ። ከየት እንደነካት አሰበችና ተወችው።

ምናሴ ሲገባ ራት እያሞቀች ነበር።

«ግቢው እንዴት አምሯል ባክሽ» አለ ኮቱን እየሰቀለ። «ምቀኛ ያየዋል። በይ የቤቱን በር ቆልፊው፣ ነፋሱ ሊነሳ ነው።»

ልትቆልፍ በሩ ጋ ሄደች። ሣሩ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ፣ በምሽቱ ብርሃን ጠቁሮ፣ እኩል ተነስቶ እኩል ይተኛል። መሃሉ ላይ አንዲት ትንሽ ልጅ ቆማለች።

«በረደኝ» አለች ልጅቷ።

ስመኝ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አየቻት። ፊቷ ደስ ይላል፤ የሆነ ሰው ትመስላለች።

«ማን ነው?» አለ ምናሴ ከውስጥ።

«እንጃ፣ የጎረቤት ልጅ ትሆናለች። ሂጂ እናትሽ ጋ፣ የኔ ቆንጆ፣ መሽቷል እኮ።»

በሩን ገፍታ ዘጋችው፣ ቁልፉንም ሁለት ጊዜ አዞረችው፤ ትንሽ እጅ ከውጭ ማንኳኳት ሲጀምር ስመኝ በአምስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም አልፈራችም፤ የምትፈራለት ማንም አልነበራትምና።