ወደ ታች የቆጠረችው ሴት

ይህ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ይሻው ባሌ ነው፤ እሱ እንኳ እስከ ዛሬ አያውቅም።

ባለፈው ዓመት ግንቦት ወር፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ቦታው ከሐሙሲት በባጃጅ ግማሽ ሰዓት የሚያስኬድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን።

ፈንታነሽ እባላለሁ። የደብረ ታቦር ልጅ ነኝ። ይሻው ሽማግሌ ልኮ፣ የቀረው ሰባት ቤት መቁጠር ብቻ ነበር። ዝምድና ከተገኘ ሠርጉ ይቀራል።

በአባቴ በኩል ተቆጠረ፤ ምንም የለም። በእናቴ በኩል ግን እናቴ ከሴት አያቷ በላይ የምታውቀው ሰው የላትም። ወገኖቿ የተቀበሩት እዚያ ስለሆነ የቤተ ክርስቲያኑን የሙታን መዝገብ ለማየት ከእናቴ ጋር ሄድን።

መዝገቡን የሚጠብቁት መሪጌታ በላይነህ ዕቃ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል። ጉልበታቸው ላይ አሮጌ ብራና።

ሰላምታችንን ሳንጨርስ... ገጹ ተገልጦ ነበር።

የማን ልጆች እንደሆንን አልጠየቁንም።

"ዝናሽ። አንድ" አሉ፣ እናቴን በጣታቸው እያሳዩ።

ስሟን አልነገርናቸውም።

ከዚያ ወደ መዝገቡ አጎንብሰው ቀጠሉ። አያቴ የሺ፣ ሁለት። እናቷ ሦስት... የእናቷ እናት አራት... ሁሉም ሴቶች። ሰባተኛዋ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ቀነሰ።

ጥሩወርቅ።

የይሻውን ቤት የጻፍኩበትን ወረቀት አውጥቼ አስተያየሁ። የሚገናኝ ስም የለም። መጋባት እንችላለን።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

እናቴ ግን ከመሪጌታ ላይ ዓይኗን አላነሳችም።

"የኔታ፣ ስሜን ማን ነገረዎት?"

ጣታቸውን ጥሩወርቅ የሚለው ስም ላይ አሳረፉ...

ከዚያ ነገሩን። ትናንት በዚሁ ሰዓት አንዲት አሮጊት መጥታ ይህንኑ ገጽ አስነብባቸዋለች። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ፣ ተቀመጪ ሲሏት እንቢ ብላ፣ ቆማ ሰማች። መዝገቡ የሺ ላይ ሲያልቅ የእናቴንና የእኔን ስም ራሷ ጨመረች። ነገ ይመጣሉ ብላ ሄደች።

"እናንተ ወደ ላይ ትቆጥራላችሁ" አሉ በሹክሹክታ። "እሷ ግን... ወደ ታች ነበር የቆጠረችው።"

"ከማን ጀምራ?" አልኳቸው።

"ከራሷ።"

ጣታቸው አሁንም ሰባተኛው ስም ላይ ነበር።

እናቴ እጄን ይዛ ጎተተችኝ። መሪጌታን ሳንሰናበት ወጣን። ደጅ ሲጠብቀን የነበረው ባጃጅ ውስጥ ገባን።

ባጃጁ ሲነሳ ዞሬ አየሁ...

መቃብሮቹ መካከል ሴቶች ቆመዋል። አንዷ ከአንዷ ኋላ፣ በሰልፍ። ፊታቸው ወደ እኛ።

"አትቁጠሪ" አለችኝ እናቴ። እሷ አልዞረችም።

ቆጥሬ ጨርሼ ነበር።

ሰባት።

ከሁሉም ፊት የቆመችው እጇን ወደ እኔ ዘርግታለች... ቀሚሷን አወቅሁት። ፊቷንም አወቅሁት።

እናቴ ናት።

እናቴ ደግሞ አጠገቤ ተቀምጣ፣ እጄን አጥብቃ ይዛለች።